የጦር ካሚዮን በስሙ አይገዛ

አረንጓዴ ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከጦር ሠራዊት የተወገደ የጭነት መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው “የማን አገር ነው?” ብሎ ሲሆን፣ ከሻጩ ወይም ከደላላው የሚያገኘው መልስም ብዙ ጊዜ ከአንድ ቃል አይበልጥም። “አሜሪካ ነው”፣ “ጀርመን ነው”፣ “ሩሲያ ነው” ይባላል። ድርድሩም በዚያች አንዲት ቃል ላይ ይቆማል። መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሞተሩ ሲፈታ፣ ወይም ሰነዱ በጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ግን ያቺ ቃል ምንም ዋስትና ያልነበራት መሆኗ ይታወቃል። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የዚህ ገበያ ችግር የመኪኖቹ ማርጀት አይደለም። አሮጌ መኪና መግዛት በራሱ ኪሳራ አይሆንም፤ እንዲያውም በመጋዘን የቆየና ጥቂት የተነዳ ወታደራዊ ካሚዮን ለገጠር መንገድ፣ ለግንባታ ሥራና ለጉድጓድ ቁፋሮ የሚመረጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ ገዢዎች ዋጋ የሚሰጡት ለስም መሆኑ፣ ለመነሻው ማስረጃ ግን ምንም አለመክፈላቸው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በግልጽ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለኢትዮጵያ እንግዳ ያልሆነ ንግድ

የጦር ካሚዮን ወደ ንግድ ሥራ ሲዛወር ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች ቀድማ አይታዋለች። የኢጣሊያ ጦር በ1941 ድል ተመትቶ ሲወጣ ትቷቸው ከሄዳቸው መኪኖች መካከል ሾፌሮች “ትሬንታ ኳትሮ” ያሉት ፊያት 634 ይገኝበታል። ከ1931 እስከ 1939 የተሠራው ይህ የናፍጣ ካሚዮን ለጦር ሜዳ መጥቶ፣ ለዓመታት እህልና ቡና ያመላለሰ ነው። ስሙ የወጣለት ከፋብሪካው ቁጥር መጨረሻ ነው፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ያን ጊዜ የነበሩ ሾፌሮችና መካኒኮች መኪናን በቁጥሩ መጥራታቸው ከዛሬው “ጣሊያን ነው” ከሚለው አነጋገር እጅግ የተሻለ እንደነበር መቀበል ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ በ1953 ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት የአሜሪካ ካሚዮኖች ወደ ሠራዊቱ ገቡ። በ1977 ደርግ ፊቱን ወደ ሞስኮ ሲያዞር ደግሞ ተራው የኡራል፣ የዚልና የኢፋ ሆነ። በአንድ አገር ጦር ሠራዊት ውስጥ፣ በሠላሳ ዓመት ጊዜ፣ የሁለቱም ጎራ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ታይተዋል። ስለዚህ “ከጦሩ የወጣ ነው” የሚለው ብቻውን ስለ መኪናው ምንም አይናገርም።

ኢፋ የሚለው ስም ራሱ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ብዙ ሰው የፋብሪካ ስም ይመስለዋል። ኢፋ ግን የምሥራቅ ጀርመን የተሽከርካሪ አምራቾች ማኅበር ምህጻረ ቃል ሲሆን፣ በዚሁ ስም ሥር ሞተር ብስክሌቶችና ትንንሽ መኪኖችም ይወጡ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢፋ ተብሎ የሚታወቀው የጭነት መኪና ትክክለኛ መጠሪያው ደብልዩ 50 ነው። ፊደሉ ንድፉ የተዘጋጀባትን የቬርዳው ከተማ፣ ቁጥሩ ደግሞ የአምስት ቶን ጭነቱን ያመለክታል። የተሠራው ግን በቬርዳው ሳይሆን በሉድቪግስፌልደ ሲሆን፣ ከ1965 እስከ 1990 ከ570 ሺህ በላይ መኪና ከዚያ ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙው ለሲቪል ሥራ የተሠራ በኋላ እግሩ ብቻ የሚነዳ መኪና ነው። በአራቱም እግር የሚነዳው፣ በኋላ በኩል ጥንድ ጎማ ሳይሆን ሰፋፊ ነጠላ ጎማ የሚያደርገውና አንዳንዱም ከጋቢና ሆኖ የጎማ ነፋስ መጨመሪያና መቀነሻ ያለው ሌላ ነው። የሲቪሉን አረንጓዴ ቀብቶ “የጦር ነው” ለማለት ሁለት ቆርቆሮ ቀለም ይበቃል።

ሦስት ጥያቄ በአንድ ቃል

“የማን አገር ነው?” የሚለው ጥያቄ በውስጡ ሦስት ጥያቄዎችን ይዟል። መኪናውን ማን ነደፈው? የትኛው ፋብሪካ በየትኛው ዓመት ሠራው? ከፋብሪካ ከወጣ በኋላስ በማን እጅ ኖረ፣ ማን አደሰው፣ ማንስ አስወገደው? የመጀመሪያውን መኪና የሚወድ ልጅ ሁሉ ከሩቅ አይቶ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ለመመለስ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ወረቀት ይጠይቃል። የመለዋወጫ ወጪ የሚወሰነው በሁለተኛው ነው፤ መኪናው በገዢው ስም መዞር አለመዞሩ የሚወሰነው በሦስተኛው ነው። ገበያው ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ለመጀመሪያው፣ ማለትም ለመመሳሰል እጅግ ቀላል ለሆነው ነው።

ኤም 35 የሚባለውን የአሜሪካ ባለሁለት ተኩል ቶን ካሚዮን እንውሰድ ቢባል፣ በዓለም ላይ ከእርሱ በላይ የታወቀ የጦር ካሚዮን ፊት ማግኘት ያስቸግራል። ንድፉ የሪዮ ኩባንያ ሲሆን የተጀመረው በ1950 አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያው መኪና በስቱድቤከር፣ በካይዘር ጂፕና ከ1971 ወዲህ ደግሞ በኤ ኤም ጄኔራል ፋብሪካዎች ተሠርቷል። የመጀመሪያዎቹ ሞተራቸው ቤንዚን ነበር። ቆይቶ ናፍጣም፣ ኬሮሲንም፣ የጄት ነዳጅም የሚቀበለው ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር መጣ። ይህንኑ ሞተር ኮንቲኔንታል፣ ሄርኩለስና ኋይት የተባሉ ሦስት ኩባንያዎች ሠርተውታል። በ1990ዎቹ ደግሞ ከመኪኖቹ ከፊሉ ፈርሰው እንደገና ሲሠሩ ካተርፒላር ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ ገባላቸው። እነዚህ ሁሉ ከፊት ሲታዩ አንድ ናቸው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ካናዳ የኤም 35ን ንድፍ ተከትላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቦምባርዲየር ፋብሪካ የራሷን አሠርታለች፤ ሞተሩ ዲትሮይት ዲዝል፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። ደቡብ ኮሪያም ከዚሁ ቤተሰብ የወጣ ኬ 511 የሚባል ካሚዮን በኮሪያ ሞተር ሠርታለች። አንድ ገዢ “አሜሪካ ነው” ተብሎ የኮሪያውን ቢገዛ የተሰጠው መልስ ግማሽ እውነት ነው፤ ንድፉ በእርግጥ የአሜሪካ ነው። የሞተሩን ፓምፓ ለማሠራት ለአሜሪካ መለዋወጫ ነጋዴ ቁጥር ሲልክ ግን መለዋወጫው ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። መኪናው መጥፎ አይደለም። የተገዛበት ዋጋና የታሰበለት የመለዋወጫ በጀት የሌላ መኪና ነው።

እግረ መንገድ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሌላ ነገር አለ። “ሁለት ተኩል ቶን” የሚለው የዚህ መኪና መጠሪያ ከመንገድ ውጭ፣ በጭቃና በአሸዋ ላይ የሚችለውን ጭነት የሚያመለክት ነው። በደህና መንገድ ላይ የተፈቀደለት ከዚያ እጥፍ ያህል ነው። ሻጩ በአምስት ቶን መኪና ዋጋ ሲያቀርበው አልዋሸም፤ ገዢው በገጠር የጥርጊያ መንገድ ላይ አምስት ቶን ሲጭንበት ግን ባሌስትራው ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል።

መንትያ ፊቶች ከምሥራቁም ጎራ

በሶቪየቶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ስህተቱ ከነዳጅ ሒሳብ ይጀምራል። ኡራል 375 እና ኡራል 4320 ሁለቱም ከሚያስ ከተማ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 4320ዎች ጋቢናቸውም፣ አፍንጫቸውም፣ ጎማቸውም ከ375 ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ለማያውቅ ሰው መንትያ ናቸው። ነገር ግን 375 ባለ 180 ፈረስ ጉልበት፣ ባለስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ሲኖረው፣ ከ1977 ጀምሮ የተሠራው 4320 የካማዝን ባለ 210 ፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተር ይዟል። የ375 ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ ቤንዚን ነው፤ ጭነትና ዳገት ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። የ4320 ከ30 እስከ 35 ሊትር ናፍጣ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በዚህ ቢያሰሉት፣ ልዩነቱ በአንድ ጉዞ ብቻ ቢያንስ 135 ሊትር ይሆናል። በዓመት ስንት ጉዞ እንደሚደረግ ማባዛት ለነጋዴው ይተዋል። ሁለቱም “ሩሲያ ነው” ተብለው በአንድ ዋጋ የሚጠሩ ከሆነ፣ አንደኛው ገዢ በገዛበት ቀን ከስሯል።

ሌላው መንትያ ዚል 157 ነው። የቻይናው የቻንግቹን ፋብሪካ ይህንኑ መኪና ጂየፋንግ ሲኤ 30 በሚል ስም ሠርቶታል። አስገራሚው ደግሞ የሶቪየቱ መኪና ራሱ ከኋላው ሲታይ የአሜሪካ ዘመድ ያለው መሆኑ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ለሶቪየት ኅብረት በብዛት የሰጠችው የስቱድቤከር ካሚዮን ለዚስ 151 አርአያ ሆነ፤ ከዚስ 151 ዚል 157 ወጣ፤ ከዚያ የቻይናው ተከተለ። እንግዲህ ይህ መኪና “የማን አገር ነው?” ቢባል በንድፍ የዘር ሐረጉ ሦስት አገር ይቆጠራል። መለዋወጫ የሚገኝለት ግን በፋብሪካ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው አገር ብቻ ነው።

ሰሌዳው ምን ይላል

የፋብሪካ ሰሌዳ ሲባል ከፊትና ከኋላ የሚንጠለጠለው ታርጋ አይደለም። በጋቢናው ውስጥ በዳሽቦርዱ ወይም በበሩ ዙሪያ፣ አንዳንዴም ከኮፈኑ ሥር፣ በሪቬት የተመታች ትንሽ ብረት ናት። በአሜሪካ ወታደራዊ መኪኖች ላይ አንድ ሳትሆን ብዙ ናት፤ አንዷ የመኪናውን መጠሪያ፣ የሠሪውን ስም፣ ተከታታይ ቁጥሩንና የተረከበበትን ቀን ትናገራለች፤ ሌሎቹ ስለ ማርሾቹ፣ ስለ ጭነቱና ስለ ፍጥነት ገደቡ ናቸው። ደላሎች የሚያሳዩት ብዙውን ጊዜ የማርሹን ሰሌዳ ነው፤ ትልቅና ሥዕል ያላት እርሷ ናትና። ዋጋ ያላት ግን የመጀመሪያዋ ናት።

በዚያች ሰሌዳ ላይ አሥራ ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይገኛል። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት አባላት ዕቃዎቻቸውን የሚመዘግቡበት ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች የዕቃውን ዓይነት ይገልጻሉ፤ 2320 ከሆነ ባለጎማ የጭነት መኪና ማለት ነው። ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች አገር ያመለክታሉ። 00 ወይም 01 አሜሪካ፣ 12 ጀርመን፣ 14 ፈረንሳይ፣ 15 ኢጣሊያ፣ 21 ካናዳ፣ 99 ብሪታንያ ነው። የድርጅቱ አባል ያልሆነችው ደቡብ ኮሪያ እንኳ 37 አላት። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁጥሩ የሚናገረው ዕቃውን መጀመሪያ ወደ መዝገብ ያስገባውን አገር እንጂ የሠራውን አይደለም። አንድ አገር የሌላውን መኪና ገዝቶ በራሱ ቁጥር መዝግቦት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሠሪው ከስሙ፣ አገሩ ከቁጥሩ ተነጻጽረው ይነበባሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ወይ ታሪኩ ረዘም ያለ ነው፣ ወይ ሰሌዳው የሌላ መኪና ነው።

የአሜሪካ ሠራዊት መኪና የተገዛበት የውል ቁጥር ደግሞ ዕድሜውን ያጋልጣል። ዲትሮይት አጠገብ በዋረን ከተማ የነበረው የታንክና የተሽከርካሪ ግዢ ክፍል ይሰጣቸው የነበሩት ውሎች “ዲ ኤ ኤ ኢ 07” ብለው ይጀምሩና ቀጥሎ ሁለት አሃዝ ይመጣል፤ ይህም የበጀት ዓመቱ ነው። 71 የሚል መኪና “የ85 ሞዴል ነው” ሲባል ሻጩን ሰሌዳው ራሱ ይመልስለታል።

ከሁሉም በላይ ግን ገዢዎች ማወቅ የሚገባቸው የእድሳት ሰሌዳ የምትባለዋን ነው። የአሜሪካ ጦር በዩታ በሚገኘው ቱዌል፣ በቴክሳስ በሚገኘው ሬድ ሪቨር፣ በአውሮፓ ለነበሩት ደግሞ በጀርመን ማይንዝ በነበሩት የጥገና ማዕከሎቹ መኪኖችን እስከ ሻንሲያቸው ፈታትቶ ያድስ ነበር። የታደሰ መኪና የማዕከሉንና የጊዜውን ስም የያዘች ተጨማሪ ሰሌዳ ይመታበታል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚነበበው አነስተኛ ኪሎ ሜትር ወይም ማይል እንግዲህ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ መኪናው በእርግጥ አልተነዳም፣ ወይም ከእድሳት ወዲህ ያለው ብቻ ነው የሚታየው። የእድሳት ሰሌዳዋን ያላየ ገዢ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ሳይነዳ ሃያ ዓመት የቆመ መኪናም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ ጎማው ይሰነጠቃል፣ የዘይት መከላከያ ላስቲኮች ይደርቃሉ፣ የፍሬን ቱቦዎች ውስጣቸው ይዝጋል።

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ለተሠሩት ሌላም መንገድ አለ። አሥራ ሰባት ፊደልና አሃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር በመጀመሪያው ምልክቱ አገሩን ይናገራል፤ ደብልዩ ጀርመን፣ ዜድ ኢጣሊያ፣ ኤል ቻይና፣ 1 አሜሪካ፣ 2 ካናዳ ነው። ብዙዎቹ የተወገዱ የጦር ካሚዮኖች ግን ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ ወይም ሠራዊቱ በራሱ ቁጥር የመዘገባቸው በመሆናቸው ይህን አሥራ ሰባት ያልሞላ ቁጥር እንደ ጉድለት መቁጠር ተገቢ አይሆንም። ጉድለት የሚሆነው በሻንሲው ብረት ላይ የተቀረጸው በሰሌዳው ላይ ካለው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው።

ሰሌዳ ተነቅሎ የመጣ መኪናም ምስክር አያጣም። የመስታወቶቹ ማዕዘን ላይ የሠሪው ምልክት አለ። በዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ሰዓቶች በሩሲያኛ ፊደል ወይም በእንግሊዝኛ ተጽፈዋል። ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ብዙ ጎማዎች ላይ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ይገልጻል። የብሪታንያ ጦር መኪና ከሆነ ደግሞ በፓራውልቱ ላይ የነበረው ወታደራዊ ቁጥር፣ ማለትም በሁለት ጥንድ አሃዞች መካከል ሁለት ፊደል ያለው፣ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ቀለም ሥር በጎን ሲያዩት ይታያል። በተቃራኒው፣ መኪናው በሙሉ አቧራ ለብሶ የሰሌዳው ሪቬት ብቻ ካበራ፣ ሰሌዳው ከመኪናው ጋር አልተወለደም።

ወረቀቱ ከብረቱ ይከብዳል

ሦስተኛው ጥያቄ ማን አስወገደው የሚለው ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። የጀርመን መንግሥት የጦሩን ትርፍ ዕቃ የሚሸጠው ቬቤግ በተባለው፣ መቀመጫው ፍራንክፈርት በሆነው የመንግሥት ኩባንያ በኩል በጨረታ ነው። ጀርመን በጥቅምት 1990 ስትዋሐድ የምሥራቁ ሠራዊት መኪኖች በሙሉ በምዕራቡ እጅ ገቡ፤ ከኢፋና ከኡራል ብዙው የተሸጠው በዚሁ ኩባንያ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ኡራል የሶቪየት ሥሪት ሆኖ የጀርመን ሰነድ ይኖረዋል። “ጀርመን ነው” የሚለው ሻጭ በወረቀቱ ልክ ነው፣ በብረቱ ግን አይደለም። በአሜሪካ ደግሞ የተወገደ ተሽከርካሪ ባለቤትነት ወደ ገዢው የሚዞረው ፎርም 97 በሚባለው የመንግሥት ማረጋገጫ ነው። አንዳንድ ተሽከርካሪዎች “ከመንገድ ውጭ ብቻ” በሚል ገደብ፣ ሌሎች ያለ ፎርሙ የሚሸጡበት ጊዜ አለ። የገደቡ ወረቀት ሁለት ሦስት ነጋዴ እጅ ካለፈ በኋላ የሚጠፋው በአጋጣሚ አይመስልም።

ከዚህም የባሰ አለ። አሜሪካ ለሌላ አገር ጦር በእርዳታ ወይም በመንግሥት ለመንግሥት ሽያጭ የሰጠችውን ወታደራዊ ዕቃ ተቀባዩ አገር ያለ እርሷ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ አይችልም። የ1976 የጦር መሣሪያ ወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕጓ ይህንን ይደነግጋል። አንድ ኤም 35 ከአሜሪካ ጨረታ በቀጥታ የመጣ ከሆነና ሌላው መንታው ከአንድ ሦስተኛ አገር ጦር ግቢ የወጣ ከሆነ፣ በብረትም በሞተርም አንድ ሆነው በሕግ ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። የሁለተኛው ባለቤት የፈቃዱን ወረቀት ካልያዘ፣ መኪናውን ከአገር ወደ አገር ሲያሻግር ወደብ ላይ ሊታሰርበት ይችላል። የወደብ ኪራይ ደግሞ መኪናው የማን አገር ሥሪት እንደሆነ አይጠይቅም።

ነጋዴዎች በዚህ ላይ ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። አንደኛው ሰሌዳ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ነገር ነው፣ ሠራዊቶችም አንዳንዱን ነቅለው ያስቀራሉ የሚል ነው። እውነትነት አለው። ሁለተኛው ደግሞ “የእኛ መካኒክ የማይጠግነው የለም” የሚል ነው። ይህም ባዶ ኩራት አይደለም፤ የአዲስ አበባ ጋራዦች የአንዱን ሞተር ለሌላው ሻንሲ፣ የአንዱን ካምቢዮ ለሌላው ሞተር አስማምተው ለዓመታት ሲያስኬዱ ኖረዋል። ነገር ግን ሁለቱም መከራከሪያዎች የሚደግፉት ሻጩን ሳይሆን ገዢውን ነው። ሰሌዳው ከጠፋ መኪናው ያጣው ነገር አለና ያን ያህል ከዋጋው ይውረድ። መካኒኩ ሞተር መለወጥ ካለበትም የሚለወጠው ሞተርና የመካኒኩ ድካም ከወዲሁ በዋጋው ውስጥ ይታሰብ። አሁን የሚደረገው ግን ሻጩ የሙሉ መኪና ዋጋ ተቀብሎ፣ የመካኒኩን ብልሃት ለገዢው እንደ ምርቃት መስጠት ነው።

ፍትሐዊው አካሄድ መነሻው በሰሌዳም በሰነድም የማይታወቅ ካሚዮን በመኪና ዋጋ ሳይሆን በመለዋወጫ ዋጋ መሸጡ ነው። ጎማው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ካምቢዮው፣ ሻንሲው እየተገመተ ይደመርና ያ ዋጋው ይሁን። ሰሌዳው ያለ፣ ሰነዱ የጎደለ ከሆነ በመካከል ይቆማል። ሁለቱም የተሟሉለት ብቻ የሙሉ መኪና ዋጋ ይጠራለት። እንዲህ ቢደረግ ሰሌዳ ነቅሎ መሸጥ አትራፊ መሆኑ ይቀራል፤ በዓመታት ጊዜ ውስጥም ነጋዴው ራሱ ሰሌዳውን እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ይጀምራል።

የሽያጭ ውልም በዚሁ መልክ ሊጻፍ ይገባል። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለዕቃው ጉድለትና ከውሉ ጋር ላለመስማማቱ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ገዢው ግን ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። “አንድ አረንጓዴ የጭነት መኪና፣ አሜሪካ ሥሪት” በሚል ውል ላይ ከምን ጋር አልተስማማም ተብሎ ይከሰሳል? ውሉ የሠሪውን ስም፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር፣ የእድሳት ሰሌዳ ካለው የማዕከሉን ስም፣ ያስወገደውን አካልና ያስወገደበትን ወረቀት ቁጥር በጽሑፍ ይያዝ። ክፍያውም በሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ሲፈረም፣ ግማሹ ደግሞ አንድ መካኒክ በእጅ ባትሪ ከኮፈኑ ሥር ገብቶ በሻንሲው ላይ ያነበበው ቁጥር ከውሉ ጋር ሲገጥም።